ስምንት ዓመት ከስምንት ቀን

አጎቴ ሱራፌል ኬንያ ከገባ በኋላ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለዘጠኝ ክለቦች ተጫውቷል። ካሳራኒ፣ ናኩሩ፣ ሞምባሳ፣ ጂንጃ፣ ምዋንዛ፣ ቡኮባ፣ ጁባ፣ ኪሱሙ፣ ማቻኮስ። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሲረዝም እኔም በየዓመቱ በቃሌ እይዘው ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ አባቱ መኪና ወይም ሩንዳ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ስላለው የአክስቱ ቤት የሚያወራ ልጅ ሲገጥመኝ እስከዚያ የደረሰበትን ዝርዝር እለቅበታለሁ። ይህን ሁሉ ክለብ የሚያስሮጥ ሰው ከእናንተ ቤት ማን አለ? እላለሁ። ማንም አልነበረም።

ክለቦቹ የሚሻሙበት ይመስለኝ ነበር። አንዱ በቃኝ ሳይል ሌላው እየነጠቀው፣ ድንበር እያሻገሩ የሚወስዱት። ዛሬ እንደማውቀው ሁሉም አንድ አንድ ሲዝን አጫውተው አሰናብተውታል። ይህን ለመረዳት ኳስ ማወቅ አያስፈልግም ነበር፤ ማደግ ብቻ ይበቃል።

ሱሬ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ «ጋሼ በይው እንጂ» እያለ ቢቆጣኝም እናቴ ሱሬ ስለምትለው እኔም ሱሬ እለው ነበር። የመጣው በፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም. የናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ሊያቆም ሲል ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኢስሊ ገበያ የሚነግደው የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ፈድሉ ከሞያሌ ዕቃ ሲያመጣ እግረ መንገዱን እሱንም አመጣው። ጋሽ ፈድሉ ኳስ የሚባል ነገር ካየ ሱቁን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሞያሌ ላይ በአንድ የሰፈር ውድድር ሱሬን አይቶ «ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ፤ ለቡድኖች እያስተዋወቀ የሚያስገባውም እሱ ሆነ። ሱሬ ከጭነቱ መኪና ሲወርድ አንድ ቦርሳ ይዞ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ጥንድ የኳስ ጫማ ብቻ አግኝታ እናቴ፣ «እንዴ ሱሬ፣ ሱሪ የሚባል ነገር ዲላ ላይ ጠፋ?» አለችው።

እኛ ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሰባት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችን። አባቴ አየለ ወጥ ቤቱን ይመራል፣ እናቴ እህተማርያም ደግሞ አባቴን ትመራለች። መኖሪያችን ከበላዩ ያለው ፎቅ ነው። ሱሬ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛ፤ በጊዜው ለአንድ ሳምንት ነበር የተባለው።

ሁለት ሳምንት ካሳራኒ ካለው ቡድን ጋር ከተለማመደ በኋላ አንድ ፎርም ይዞ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሞልቶ ካልመለሰ ለሲዝኑ አይመዘገብም። የምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ባዶ ሆኗል። ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጠዋል። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነበር።

«አየለ ይሙላው» አለ ሱሬ።

«የአየለን ጽሑፍ ፋርማሲስት ካልሆነ ማንም አያነበውም» አለች እናቴ። «ሮሃ ትሙላው። የሷ እጅ ያምራል።»

በእኛ ቤት ነገሩ እንዲህ ነበር። የመብራት፣ የትምህርት ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚሁ ነው፣ ስዋሂሊም ከእኔ የተሻለ የሚችል በቤቱ አልነበረም። የጎረቤቶቻችንም ቤት እንደዚሁ ነው፤ ልጅ የቤቱ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ የምጠጣውን ሶዳ ወደ ጎን ገፍቼ፣ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተቀመጥኩ።

ፎርሙ ለእያንዳንዱ ፊደል አንዳንድ ትንሽ ሳጥን ነበረው። ሳጥን እወድ ነበር። ፊደሎቼን አንድ በአንድ፣ መስመር ሳላስነካ አስገባኋቸው።

«የትውልድ ቦታ?»

«ዲላ።»

«የተወለድክበት ቀን?»

«ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ሰባ አምስት።»

ሚያዝያን አላውቀውም። የኢትዮጵያ ወር ከመስከረም በቀር የማውቀው አልነበረም፤ እሱንም በእንቁጣጣሽ ነው። «አባዬ፣ ሚያዝያ ምንድን ነው?» ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ ጮኽኩ።

«ኤፕሪል!» አለ አባቴ ከሚከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳይል።

አሥራ አራት፣ ዜሮ አራት፣ 1975። ስምንት ሳጥን፣ ስምንት ቁጥር፣ ልክ ልኩን ሞላ። ሱሬ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየውና «ጎበዝ» አለኝ። ከሥሩ ፈረመ። እናቴም አየችው። አባቴም ቲማቲም ይዞ ከወጥ ቤት ወጣና ፎርሙን እንዳይነካው በክርኑ ገፋ አደረገው።

አገር ቤት ላደገ አንባቢ ስህተቱ አሁን ፍንትው ብሎ ታይቶታል። ወሩን ተርጉመን ዓመቱን ረሳነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት አዋቂዎች ነበሩ፤ ለሦስቱም ሰባ አምስት ማለት ሱሬ የተወለደበት ዓመት ነው፣ ሌላ ሰባ አምስት በዓለም ላይ የለም። ለእኔ ደግሞ የምማርበት ደብተር ላይ ካለው ሌላ አቆጣጠር የለም። ሃያ ሦስት ዓመቱ የነበረው አጎቴ በዚያ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ሆኖ ከቤት ወጣ። በትክክል ለመናገር፣ ስምንት ዓመት ከስምንት ቀን ጨምሬበታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ዕድሜው የጠየቀው የለም። የተጫዋች መታወቂያው ከፎርሙ ተገለበጠ፣ የመኖሪያ ካርዱ ከመታወቂያው፣ ሌላው ሁሉ ከካርዱ። ቤት ውስጥ ወረቀቱን የሚያይ ሁሉ 1975 ያያል፣ ልክ ነው ብሎ ያስቀምጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ምግብ ቤቱን ለአባቴ ትታ እኔን ይዛ ካሳራኒ ትወርድ ነበር። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መጀመሪያ ከተማ፣ ከዚያ ሌላ ማታቱ ይዘን በቲካ መንገድ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ሣር የነበረው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ብቻ፣ እሱንም ፍየሎች ይጋሩታል። ሱሬ የግራ ክንፍ ነበር። ወደ እኛ በኩል ባለው መስመር ሲሮጥ የሚተነፍሰውን እሰማለሁ፤ የአፈሩ ጭስ አፌ ውስጥ ይገባል። ኳሷን ይገፋና ከኋላዋ ይበራል፤ ተከላካዩ ፊቱን ሲያዞር ሱሬ አልፏል። ጥሩ ነበር ወይ ብትሉኝ ያኔ ጥያቄው ራሱ ይገርመኝ ነበር። ከሁሉም በፊት ይደርሳል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

አሠልጣኙ ዋፉላ የሚባል ጉንጨ ሙሉ ሰው ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሱም ተጫዋቾቹም ሱሬን «ምዜ» ይሉት ጀመር። ምዜ ማለት በስዋሂሊ ሽማግሌ ነው፣ የሚከበር ሰው ነው፤ ሰፈራችን ምዜ የሚባሉት ፀጉራቸው የነጣ አባወራዎች ነበሩ። በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ የተከበረ አጎት ስላለኝ ኮራሁ። እናቴም ደስ ብሏት «ሥነ ሥርዓቱን አይተው ነው» አለች።

ሲዝኑ ሲያልቅ ሱሬ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ።

«ምነው?» አለች እናቴ።

«ኮንትራቴን ጨረስኩ።»

መጨረስ ጥሩ ነገር ነው። እኔም ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ፣ ዳር ዳሩን በቀይ እርሳስ አበባ ሥዬ፣ «ካሳራኒን በሚገባ ስላጠናቀቀ» የሚል የምስክር ወረቀት ሠራሁለት። በሚቀጥለው ዓመት የናኩሩን፣ በሦስተኛው የሞምባሳን። ሱሬ እየሳቀ ይቀበለኝና ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ ይለጥፈው ነበር። በእጄ ሦስት ጊዜ የስንብት ደብዳቤ እንደጻፍኩለት የገባኝ ትልቅ ሆኜ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ነገሩ በደንብ አልገባቸውም ነበር። ምሳ ላይ ሲያወሩ እሰማለሁ። የናኩሩው አሠልጣኝ «ለዕድሜው በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ነበር ያሰናበተው። የሞምባሳውም ያንኑ አለ።

«ለዕድሜው ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል አባቴ። «ሃያ አምስት ዓመት ሽምግልና ነው እንዴ?»

«እዚህ አገር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው የሚፈልጉት» ትላለች እናቴ። «ሁሉም ቀንሶ ነው የሚጫወተው። ሱሬ ሞኝ ሆኖ እውነተኛውን ጻፈ።»

ሱሬ ከወጡ ይጨልፋል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን ነበር።

በ2009 አንድ የናይሮቢ ክለብ ፈለገው። ስሙን አልጠራውም፤ በሊጉ ላይኛው እርከን ከሚጫወቱት ነው፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል። ጋሽ ፈድሉ ነገሩን ሲነግረን ቆሞ ነበር፣ መቀመጥ አልቻለም። ትራያል የሚሉት የሁለት ሳምንት ሙከራ ይደረጋል፤ ከተሳካ የሦስት ዓመት ኮንትራት ይፈርማል፣ የሥራ ፈቃዱንም ክለቡ ያወጣለታል። ሦስት ዓመት አንድ ቦታ! ሱሬ ከዲላ ከወጣ ጀምሮ ቦርሳውን ባዶ አድርጎ አያውቅም። እናቴ ለእሱ ቤት ፈልጋ ካሳራኒ በኩል አንድ ክፍል እስከማየት ደርሳ ነበር። ሱሬ ራሱ ብዙ አላወራም፤ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ መሮጥ ጀመረ፤ ስኳር አቆመ፤ ጫማውን ሁለት ጊዜ አሰፋ። በሕይወቱ አንድ ነገር እንዲህ ሲፈልግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ትራያሉ ሰኞ ሊጀመር ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ፈድሉ መጣ። ሌላ ጊዜ ቆሞ የሚያወራው ሰው በዚያ ቀን ሰላምታ ሳይሰጥ ወንበር ሳበ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጎን ባለው ጠረጴዛ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የኬንያ ኮፒ ቤት የሚሰጠው ቡናማ ፖስታ በእጁ ነበር።

«ሱራፌል፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድክ?»

«ሰባ አምስት።»

«በማን?»

«በማን ማለት?» አለች እናቴ። «በማን ሊወለድ ነበር?»

ጋሽ ፈድሉ ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ክለቡ ሠላሳ አራት ዓመት ለሆነው ክንፍ ትራያል አንሰጥም አለ። ኮቹ አፈረብኝ። አሳየኝ ስለው ይሄን ሰጠኝ። ይሄ በፈረንጅ ነው የተቆጠረው፣ ጎበዝ። እዚህ አገር በእኛ የሚባል የለም።»

አባቴ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መቁጠር ጀመረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ስምንት» አለ በመጨረሻ። እንደገና ቆጠረና እንደገና «ስምንት» አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሱሬ ወረቀቱን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያነብ ሰው ይመስል ነበር።

«ማነው ይህን የሞላው?» አለ ጋሽ ፈድሉ።

አባቴ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ወደ ወለሉ አየች።

«እኔ ነኝ» አለ ሱሬ።

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። ከጠረጴዛዬ ቀና ብዬ ያን ወረቀት አውቄዋለሁ፤ ፊደሎቼን፣ ሳጥን ሳይነኩ የቆሙትን ቁጥሮቼን አይቻለሁ። ጋሽ ፈድሉ ከኢስሊ ድረስ ይዞት የመጣው፣ ሁሉም ተሰብስቦ የሚያየው የእኔ ሥራ ነው። ሱሬ ደግሞ ዓይኔ እያየ የራሱ አደረገው።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ የሞላሁት! እጄ ነው፣ እዩት!»

ጋሽ ፈድሉ ዞሮ አየኝ። ሳህን ሰብሮ ስባሪውን ይዞ የመጣ ሕፃን እንደሚታየው አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«ሮሃ፣ ፎቅ ውጪ» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ እኮ የሞላሁት! እሱ እንግሊዝኛ ያኔ አይችልም ነበር!»

«ውጪ አልኩሽ!»

እያለቀስኩ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ ሱሬ «ተዋት፣ እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት፤ ይኸ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የማውቀው ትልቁ ክፋት የሌላ ሰው ሥራ የራስ ማድረግ ነበር፤ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያደረገችብኝ ልጅ ነበረች። ከግድግዳው ላይ ሦስቱን የምስክር ወረቀቶቼን ቀድጄ ጣልኩ።

በሚቀጥሉት ቀናት አባቴና ሱሬ ኮት ለብሰው ይወጣሉ፣ ዝም ብለው ይመለሳሉ። አባቴ ለእናቴ ሲነግራት የሰማሁትን አስታውሳለሁ፤ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ያለው ሰውዬ ሳቀባቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ሥራው ዕድሜዬ ተሳስቷል ያለው ተጫዋች ሁሉ ዝቅ አድርጉልኝ የሚል ነው፤ ስምንት ዓመት በአንዴ ዝቅ አድርጉልኝ ያለ ግን የመጀመሪያው እሱ ነው። ከገፋችሁበት በማጭበርበር ሊታገድ ይችላል አላቸው። ጋሽ ፈድሉ ከዲላ የልደት ወረቀት አስመጣለሁ ሲል ሱሬ፣ «አዲስ የልደት ወረቀትማ ሁሉም ነው የሚያስመጣው» አለ። ዕድሜውን ቀንሶ የማያውቅ አንድ ሰው በመካከላቸው ነበር፣ እሱን አጭበርባሪ ነህ አሉት። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ስለ ሱሬ ውሸት የሚደረግ ምርመራ መስሎኝ ነበር፤ ይበለው እል ነበር።

የዚያ ሰኞ ጠዋት እናቴ ዩኒፎርሜን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው፣ ፀጉሬን እንደ በዓል ሠራችኝ፣ ሁሉንም ደብተሮችሽን ያዢ አለችኝ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ከሱሬ ጋር በሹክሹክታ ተነጋገሩ። «አይሆንም» ሲል ሰማሁ። «አይሆንም አልኩ፣ እህቴ። በቃ።» እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና እንደ ማንኛውም ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዚያን ቀን ከክፍሉ ሁሉ ንጹሕ እኔ ነበርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጂንጃ ያለ ቡድን አንድ ሲዝን ቀጠረው። ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ቆሞ «ቻው በይኝ እንጂ» አለኝ።

«ውሸታም» አልኩት።

«እሺ» አለና ሄደ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው የዝርዝሩ ቀሪ ነው። ጂንጃ፣ ምዋንዛ፣ ቡኮባ። ጁባ ላይ ጦርነት ሲነሳ ቦርሳውን ጥሎ በነጠላ ጫማ ተመለሰ፤ ሶፋው ይጠብቀው ነበር። ኪሱሙ። ማቻኮስ ላይ ጉልበቱን ተመታና አቆመ። እውነተኛ ዕድሜው ሠላሳ አራት ነበር፣ ክለቡ ግን እስከ አርባ ሁለት ዓመቱ ድረስ ስለተጫወተ ደንቆት ጽዋ ሸለመው።

እውነቱን ያወቅኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የእናቴን የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ ይዤ ቅጽ እየሞላሁ ነበር። እናቴ የተወለደችበትን ዓመት እንደለመደችው ነገረችኝ፤ እኔም እንደለመድኩት ስምንት ደመርኩበት። ስምንት መደመርን ከሱሬ ፎርም ጣጣ እንደተማርኩ ትዝ ሲለኝ እጄ ቆመ። ቁጥሬ ተጠርቶ አለፈ። ማታ ቤት ገብቼ እናቴን ስጠይቃት ምንም አልደበቀችኝም።

«ያኔ የያዝነው ጠበቃ ፎርሙን የሞላችውን ልጅ አምጡ ብሎን ነበር» አለች። «የፌዴሬሽኑ ሰዎች ደብተሮችሽን ከፎርሙ ጋር ያስተያያሉ፣ አንቺም ቀርበሽ ትናገሪያለሽ። ሕፃን ልጅ የሠራችው ስህተት መሆኑን ካዩ ያምናሉ አለ። እሱ ነው እምቢ ያለው። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ይጸጽታታል አለ።»

ጸጸተኝ። ለስድስት ዓመት ይህን ታሪክ ተሸከምኩት፤ ለእኔ ሲል ሕይወቱን የተወ አጎት። በየገናው ጫማ እገዛለታለሁ፣ ሲደውል ስብሰባ አቋርጬ አነሳለሁ፣ ስለ ኳስ ከተነሳ ወሬ አስቀይሳለሁ። እሱ ደግሞ ለምን እንዲህ እንደምንከባከበው ግራ የገባው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ካሳራኒ ሄድኩ። ሱሬ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ቡድን ይጫወታል። አሁን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በወረቀት አምሳ። ሜዳው ሣር ለብሷል። ተጫዋቾቹ ሆዳቸውን ይዘው የሚሮጡ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ አንድ ፖሊስ ናቸው። በእረፍቱ ሰዓት ሱሬ ከሌሎቹ ተነጥሎ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ባቱን ያሻል።

«ለምን ጠበቃው ጋ አልወሰድከኝም?» አልኩት። ለማለት አላሰብኩም ነበር።

ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። «እናትሽ ነገረችሽ?»

«ድሮ። ለእኔ ብለህ ነው አለች።»

«እሱም አለበት።» ሌላኛውን ባቱን ማሸት ጀመረ። «አንቺ ጻፍሽ እንጂ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያንን እንኳን ተዪው።»

«እና ሌላው ምንድን ነው?»

ካልሲውን ወደ ላይ ሳበ። «እስቲ አስቢው። ናኩሩ ሲያሰናብተኝ ዕድሜ አለ። ሞምባሳ ዕድሜ አለ። ወረቀቱ መሳሳቱን የሰማሁ ቀን ታውቂያለሽ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ለካ እግሬ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው አልኩ። በዚያው ሌሊት ደግሞ፣ ቢያስተካክሉትስ? አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴን ይዤ ትራያሉ ውስጥ ገብቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው አይተውኝ ‹አመሰግናለሁ፣ ሂድ› ቢሉኝስ? ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

ባዶውን የውሃ ጠርሙስ ከእጁ ተቀበልኩት።

«ፈራሁ፣ ሮሃ። አንቺን ሰበብ አደረግሁ። ከዚያ በየሄድኩበት ወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱ ነው እያልኩ ኖርኩ። ጥሩ ኑሮ ነው፣ ምንም አይልም። ማታ ያስተኛል።»

«ጥሩ ነበርክ እኮ» አልኩት።

«ኳስ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በቃ» አለና ሳቀ፤ ፉጨቱ ሲሰማ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

ሁለተኛውን አጋማሽ ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቅ ዓይን አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቴን ሳይሆን አንድ የግራ ክንፍ ለማየት ሞከርኩ። ይሮጣል፤ ያ አልጠፋም። ኳስ ሲደርሰው ግን ቀና ብሎ አያይም። ተከላካዩን ያልፈዋል፣ ካለፈው በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ አይመስልም። ድሮም እንዲህ ነበር? ቀዩ አፈር ላይ ሲሮጥ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የሚበረው እግሩና አፌ ውስጥ የገባው አቧራ ብቻ ነው። የኳሷን መጨረሻ አንድም ጊዜ አላየሁም ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በእኛ በኩል ባለው መስመር አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ በሙሉ ኃይሉ አሻማ። ኳሷ ከሁሉም አናት በላይ አልፋ፣ አጥሩን ተሻግራ፣ መንገዱ ላይ ወጣች። አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ ሞተሩን አቁሞ ሊያነሳት ወረደ።

አጠገቤ የቆመው ተቀያሪው በረኛ ሙቱኩ ግን ኳሷን አላየም፤ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ሱሬን ነው የሚያየው።

«አንቺ ዘመዱ ነሽ አይደል?» አለኝ። «በእግዚአብሔር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ሰውዬ አምሳ ዓመቱ ነው?»

ድምፁ ሜዳው ድረስ ተሰማ። ሱሬ መስመሩ ላይ ወገቡን ይዞ እያለከለከ ወደ እኔ ዞረ። ሙቱኩ ይጠብቃል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትም ሦስት አራት ሰዎች ዞረው ይጠብቃሉ። እዚያ ሜዳ ላይ የሚያውቅ ሰው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«አምሳ» አልኩ። «ባለፈው ወር ሞላው።»

ሙቱኩ ራሱን ነቀነቀና ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተነሥተው አጨበጨቡ።